ደመወዝ ሳይደርስ የምሳ ገንዘብ ሲያልቅ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት የማገለግል የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ጀሞ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ሲሆን የምሠራው አራት ኪሎ ነው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ በእጄ የሚገባው 11,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ 4,500 ብር ለቤት ኪራይ፣ 1,100 ብር ለትራንስፖርት ይወጣል፤ 1,000 ብር ደግሞ ጎጃም ለምትኖረው እናቴ እልካለሁ። ከባልደረቦቼ ጋር ምሳ የምንበላበት ቤት አንድ በያይነቱ 130 ብር ያስከፍላል፤ ከምሳ በኋላ የምንጠጣው ማኪያቶም 50 ብር ነው። ወሩ ሃያ ሲሞላ እጄ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወይ እበደራለሁ፣ ወይ «ዛሬ አላሰኘኝም» እያልኩ ሳልበላ እውላለሁ። ምሳ ቋጥሬ እንዳልመጣ ቤቴ ማቀዝቀዣ የለም፤ ቢሮ ውስጥም ማሞቂያ የለንም። እውነቱን ልናገርና ከጓደኞቼ ተነጥዬ ብቻዬን መብላቱም ይከብደኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «አላሰኘኝም» የምትለዋን ቃል በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ሰው በወሩ መጨረሻ ሳምንት እንደሚናገራት ስለማውቅ፣ መልሱን በጥንቃቄ ልጽፍልዎ ፈልጌያለሁ።

በመጀመሪያ ሒሳቡን አብረን እንየው። ኪራዩ፣ ትራንስፖርቱና ለእናትዎ የሚልኩት ገንዘብ ሲነሣ የሚቀርዎ 4,400 ብር ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር ለምሳ 2,860፣ ለማኪያቶ 1,100፣ በድምሩ 3,960 ብር ያወጣሉ። ለወሩ ቁርስና እራት፣ ለሳሙና፣ ለመብራትና ለድንገተኛ ወጪ የሚተርፈው 440 ብር ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ ማንም ሰው ወር ሊያደርስ አይችልምና ራስዎን በአባካኝነት አይውቀሱ። ምሳ መተውን ግን እንደ ቁጠባ አይቁጠሩት። ባዶ ሆድ ውሎ ማታ ጀሞ የሚገባ ሰው ምግብ ለማብሰል አቅም ስለማይኖረው፣ ከመንገድ ላይ ብስኩትና ሳምቡሳ ገዝቶ ያድራል፤ ያዳነው ገንዘብ ከመንፈቀ ሌሊት በፊት ከኪሱ ወጥቷል።

ከጥያቄዎ ሁሉ ከባዱን በመጨረሻ ነው ያነሡት፤ እኔ ግን ከእርሱ እጀምራለሁ፤ ይሉኝታው ካልተፈታ የምሰጥዎ የምግብ ዝርዝር ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ አይዘልቅምና። በእኛ ዘንድ ምሳ መብላት ከአንድ ገበታ መቁረስ ነው። ብቻውን ጥግ ይዞ ምሳ ዕቃውን የሚከፍት ሰው ያኮረፈ ወይም የተቸገረ ይመስላል፤ ሌላው ሲከፍል ዝም ብሎ ማየትም ይከብዳል። እኔ ሥራ በጀመርኩበት መሥሪያ ቤት አራት ሰዎች በአንድ ክፍል እንሠራ ነበር፤ ለወራት እየተጠራራን ምሳ ስንወጣ ከቆየን በኋላ፣ ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠን እኅት አንድ ሰኞ ጠዋት በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ይዛ መጣችና «ዛሬ እኔ ጋ ነው የምትበሉት» አለችን። ማክሰኞ ሁለታችን ቋጥረን መጣን። ሳምንቱ ሳያልቅ አራታችንም ይዘን እየመጣን፣ አንድ ትሪ ላይ ሁሉንም እያቀረብን መብላት ጀመርን። ያን ጊዜ የተረዳሁት ነገር ሌሎቹም እንደ እኔ ደመወዝ እየቆጠሩ መክረማቸውንና ቀድሞ የሚናገር ሰው ብቻ ማጣታችንን ነው።

ስለዚህ ለሁሉም ከመናገርዎ በፊት በኑሮ ከእርስዎ ጋር የምትመሳሰል አንዲት ባልደረባ ይምረጡና «ከሰኞ ጀምሮ ምሳ ልቋጥር አስቤያለሁ፤ አብረን ብንቋጥርስ?» ይበሏት። ሁለት ሰው ሲሆን ብቸኝነቱ ይቀራል። ሸክሙንም መካፈል ይቻላል፤ አንዷ እንጀራ ስታመጣ ሌላዋ ወጡን ታመጣለች፣ በማግስቱ ይቀያየራሉ። ቡድኑ እየሰፋ ከሄደ ደግሞ የጾም ምግብ ማምጣት መልካም ነው፤ ከዋጋው መቅለል ባሻገር ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ የሚጾመውንም የማይጾመውንም ያለ ሐሳብ በአንድ ገበታ ያስቀምጣል።

አሁን ወደ ማቀዝቀዣውና ማሞቂያው ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ የሚቆይ ከሆነም ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሞቆ ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እንዲቀመጥ ይመክራል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከቤት ወጥተው 6:30 ላይ ምሳ ለሚበሉ ለእርስዎ ከብልሽት መጠንቀቅ የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው፤ ምግቡን በሙቀቱ ይዞ በመሄድ ወይም በቀላሉ የማይበላሽ ምግብ በመምረጥ።

ለመጀመሪያው መንገድ የሚያስፈልግዎ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ነው። አንድ ጊዜ የሚወጣበት ገንዘብ ቀላል ባይሆንም፣ ከባልደረባዎ ጋር ተጋርታችሁ ብትገዙት የጥቂት ቀናት ምሳ ዋጋ ቢሆን ነው። አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል፦ ወጡ ከመግባቱ በፊት ፔርሙዙ የፈላ ውኃ ተሞልቶ አምስት ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ቀዝቃዛው ዕቃ የወጡን ሙቀት ይወስደዋል። ከዚያ ውኃውን ደፍተው፣ ገና እየተንተከተከ ያለውን ሽሮ ወይም የምስር ወጥ እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑት። ሽሮውን ወፈር ያድርጉት፤ ቀጭን ሽሮ በታክሲ ግፊያ መካከል ቦርሳ ያበላሻል። እንጀራውን ለብቻው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙት፤ ከወጡ ጋር አንድ ላይ ከዋለ በስብሶ የሚጎረስ አይሆንም።

ለሁለተኛው መንገድ የሀገራችን ማጀት ሀብታም ነው፤ ቀዝቅዘው የሚበሉ ምግቦች ከጥንት ጀምሮ አሉንና። ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎ አዚፋን ነው። ድፍን ምስር ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፤ ጠዋት ለሥራ እየተሰናዱ ይቀቅሉትና ውኃውን አጥልለው በስሱ ይጨፍልቁት፤ ከዚያ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጥቂት ዘይትና ካለ ሰናፍጭ ይጨምሩበት። ሎሚው ምግቡን ጎምዘዝ ስለሚያደርገው ጣዕሙ እየቀዘቀዘ ሲሄድ እንኳ አይጠፋም። የሱፍ ፍትፍትና የቲማቲም ፍትፍትም በዚሁ መንገድ ጠዋት ተሠርተው ምሳ ላይ ይበላሉ። የተረፈ እንጀራ እንዳይሻግትብዎ በፀሐይ አድርቀው ድርቆሽ ያድርጉት፤ ድርቆሹን በከረጢት ይዘው ሄደው ከፔርሙዙ በሚቀዳ ትኩስ ቁሌት ቢያርሱት፣ ቢሮ ውስጥ በአምስት ደቂቃ የሚደርስ ፍርፍር ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ምንም ማብሰል ላልተቻለበት ጠዋት ደግሞ በመሳቢያዎ ውስጥ አንድ ጣሳ በሶ ይኑርዎ።

ማታ ያደረ ሩዝና ፓስታ ግን ያለ ማቀዝቀዣ ለምሳ አይያዙ። በሩዝ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ ሲቀቀል አይሞትም፤ ምግቡ በክፍል ሙቀት ሲያድር ይራባና መርዝ ያመነጫል፣ ይህም መርዝ ጠዋት ሩዙን ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የገባበት ወጥም እንዲሁ በጠዋት ተዘጋጅቶ በሙቀቱ ካልተያዘ በቀር ቤት ቢቀር ይሻላል። የሆድ ሕመም የሚያስወጣው የሕክምና ገንዘብ የወር ምሳ ያበላል።

ስለ ገንቢነቱ ብዙ ሰው የሽሮን ምሳ የድሃ ምግብ አድርጎ ያያል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ደግሞ እርሱን በብዛት ይዘዋል። እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሰው የአንዱን ጉድለት በሌላው እየሞላ ነው። የሚጎድለውን ጎመን፣ ቃሪያና ሎሚ ይሞሉታል፤ በሎሚና በቃሪያ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ በእህሉ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲወስድ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን በተቃራኒው የብረቱን መግባት ይቀንሳሉ፤ በእርስዎ ዕድሜ ያለች ሴት ደግሞ የብረት ፍላጎቷ ከወንዱ ይበልጣል። ስለዚህ ማኪያቶውን ከምሳ ጋር ከማያያዝ ይልቅ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ቢያዛውሩት ለጤናዎም ለኪስዎም ይበጃል፤ በዚያን ሰዓት ምናልባት በቢሮው በመዋጮ የሚፈላ የጀበና ቡና ይበቃዎ ይሆናልና።

ከጓደኞችዎ ጋር መውጣቱን ጨርሰው እንዲተዉት አልመክርም። መሥሪያ ቤትዎ አርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሚያርፍ ረጅሙ የምሳ ሰዓት የአርብ ነው፤ አርብን ለውጭ ምሳ ያቆዩት። በወር አራት አርብ በ130 ብር 520 ብር ይሆናል። ማኪያቶን በሳምንት ሁለት ቀን ቢያደርጉት 400 ብር ነው። ከ4,400 ብሩ እነዚህ ሲነሡ ለሙሉ ወር ቁርስ፣ ለቤት ምሳ፣ ለእራትና ለልዩ ልዩ ወጪ 3,480 ብር ይቀርዎታል፤ በቀን 116 ብር ማለት ነው። ጠባብ መሆኑን አልክድም፤ ቢሆንም ወሩ ሃያ ላይ አይቆምም።

ይህ ገንዘብ እንዲበቃ አስቤዛው በየቀኑ ከጎረቤት ሱቅ በጥቂት በጥቂቱ መገዛት የለበትም። ደመወዝ በተቀበሉ ማግስት ባለው እሁድ በክፍለ ከተማዎ የእሁድ ገበያ ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም ይግዙ፤ ዘይትና ዱቄት ሲገኝ ከወረዳዎ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ መውሰድ ይሻላል። ምስሩንና የሽሮ እህሉን ሦስት አራት ሆናችሁ ከመርካቶ እህል በረንዳ ብትገዙና ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ በወፍጮ ቤት ብታስፈጩት፣ ዋጋው ከመቅለሉም በላይ የምትበሉትን ታውቃላችሁ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እጅግ ርካሽ በሆነ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊቀላቀል ይችላል። ጓያ በየዕለቱ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን የሚያሰንፍና የማይድን ጉዳት እንደሚያደርስ በሀገራችን በሚገባ የታወቀ ነው።

ሽምብራና ባቄላ ሲቀቅሉ ሁልጊዜ ዘፍዝፈው ያሳድሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጥራጥሬ ከቆላው ይልቅ እዚህ ለመብሰል የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ሳይዘፈዘፍ ከተጣደ የመብራት ቆጣሪዎ ያለ ጥቅም ይሮጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለእናትዎ የሚልኩትን 1,000 ብር ይቀንሱ አልልዎትም፤ ያ ለእርስዎም ኩራት እንደሆነ ከደብዳቤዎ ይታያል። ነገር ግን እናትዎን ችግሩን ሳይደብቁ ያማክሯቸው። ሰው ከጎጃም ሲመጣ ሽሮ፣ በርበሬ ወይም በሶ ቢልኩልዎ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከብዳቸውም። ብዙ እናቶች ልጃቸው ከተማ ተመችቷታል ብለው ስለሚያስቡ ብቻ ሳይልኩ ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በአንድ ግቢ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ቀን ሙሉ ከነሌሊቱ ተረኛ ሆኜ በማግስቱ አርፋለሁ። በተረኛነቴ ቀን ከ80 ብር በላይ ለምግብ ማውጣት አልችልም፤ ስለዚህ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ዳቦ በሻይ እበላለሁ። ሆዴ ይሞላል፣ ሌሊት ግን ይደክመኛል፣ ይርበኛልም። ዳቦ በሻይ ብቻውን ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ ወንድሜ። ዳቦና ስኳር ቶሎ ኃይል ሰጥተው ቶሎ ያልቃሉ፤ ሌሊት የሚሰማዎ ረሃብና ድካም አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ዳቦውን መተው የለብዎትም፤ ከሦስቱ ጊዜ በአንዱ በአቮካዶ ወይም በሙዝ ይብሉት፣ በሌላው ጊዜ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይጨምሩበት። እንቁላሉ ጠዋት ተቀቅሎ ከነቅርፊቱ ቢመጣና በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢበላ መልካም ነው።

ለሌሊቱ ግን ከበሶና ከቆሎ የሚሻል አላውቅም። የበሶ ገብስ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ በጥቂት ጨውና ውኃ ለውሰው ጭብጦ አድርገው ሊበሉት ወይም በስኳር በጥብጠው ሊጠጡት ይችላሉ። ዱቄቱ ውኃ ሳይነካው በተከደነ ዕቃ ከቆየ ለሳምንታት አይበላሽም። ቆሎውን ከገብስ፣ ከሽምብራና ከሱፍ ያዘጋጁት፤ ሽምብራው ሲበዛ ረሃብ ይይዛል። ኦቾሎኒ ከጨመሩበት የሻገተውን ወይም የተጨማደደውን አንድ በአንድ ለቅመው ይጣሉ፤ በሻገተ ኦቾሎኒ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ንፍሮም ጥሩ ምግብ ነው፤ ሆኖም በባሕር ዳር ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚኮመጥጥ ለምሳ ብቻ ይያዙት። ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አራርቀው ይጠጡ። በዕረፍት ቀንዎ ቤትዎ ሆነው ትኩስ ወጥ በደንብ መብላትዎንም አይርሱ፤ የተረኛው ቀን ምግብ በማግስቱ ሲካካስ ነው ሰውነት የሚጸናው። ይህን ሁሉ አድርገው ድካሙ ካልለቀቀዎ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ማነስ ምርመራ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሠራተኞች ምሳ ከቤት ማምጣት ጀምረዋል፤ ነገር ግን በየጠረጴዛቸው ላይ ስለሚበሉ የወጥ ሽታ በቢሮው ይሞላል፣ ሰነድም ይቆሽሻል፤ ባለጉዳዮችም ቅሬታ አቅርበዋል። መከልከል አስቤያለሁ። ተገቢ ነው?

መልስ፦ በሰነድ ላይ መብላትን መከልከል ተገቢ ነው። ምሳ ማምጣትን ግን አይከልክሉ፤ ብዙዎቹ ወሩን የሚያዘልቁት በዚያ ነውና። የሠራተኞች ክበብ ካላችሁ ምግብ ከክበቡ ለማይገዙ ሰዎችም ወንበሩ እንዲፈቀድ ከክበቡ ኃላፊ ጋር ይነጋገሩ። ክበብ ከሌለ አሮጌ ዕቃ የተከማቸባት አንዲት ክፍል አትጠፋም፤ ተጸድታ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ እጅ መታጠቢያ ውኃና ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ ቢገባላት ይበቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብታስገቡላት ደግሞ ምሳው ሁሉ ሞቆ ይበላል፤ ምድጃውን አጥፍቶ የሚወጣ ተረኛ በየሳምንቱ ይመደብ። ሠራተኛው ርቆ ምግብ ቤት ፍለጋ ስለማይሄድም 7:30 ላይ ባለጉዳዩ ሰው በወንበሩ ያገኛል። ክፍሏ በተከፈተች በመጀመሪያው ቀን እርስዎም ምሳዎን ቋጥረው ይምጡና ከሠራተኞችዎ ጋር ከአንድ ትሪ ይቁረሱ።